ኢንሱሊን ይዞ ወደ አሳይታ

ወንድሜ አሳይታ ውስጥ በመስኖ ሥራ ተቀጥሮ እዚያው ትዳር ከያዘ ወዲህ «መጥተሽ እይን እንጂ» እያለ ሲወተውተኝ ቆይቷል። ዘንድሮ ወንድ ልጅ ወለደ፤ የልጁ አርባ ቀን ደግሞ ግንቦት አጋማሽ ላይ ዋለ። የወንድሜ ልጅ ክርስትና ሲነሳ መቅረት የማይታሰብ ነው። የአፋርን ግንቦት የሚያውቁ ባልደረቦቼ ግን ተጨነቁ። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ «አንቺስ ትደርሻለሽ፤ መድኃኒትሽ በደኅና ይደርሳል ወይ?» አለችኝ። እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ጥያቄ ነበር።

ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ የምኖረው በኢንሱሊን ነው። ቆሽቴ ስለማያመነጭልኝ ጠዋትና ማታ እወጋለሁ። ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ታማሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ነው፤ ከዚያ በፊት እንደ እኔ ያለው ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ብልቃጧን እንደ ተራ ዕቃ አይቻት አላውቅም።

የምጠቀመው ሁለት ዓይነት ነው፤ ጥርት ያለውና ቶሎ የሚሠራው ሬጉላር፣ እንዲሁም ነጭ ደፍራሳው ኤን ፒ ኤች። ሁለቱም ሳይከፈቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ከተከፈቱ በኋላ እንደ አምራቹ መመሪያ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ያገለግላሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ አያስቸግርም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የተከፈተው ብልቃጥ ጥላ ያለበት መደርደሪያ ላይ ቢውል ምንም አይሆንም። በመንገዴ ላይ ያለችው የአፋር ክልል ዋና ከተማ ሰመራ ግን ከ500 ሜትር በታች ናት፤ በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ለመንገድ ሲሆን ብዙ ሰው በረዶ የተሞላ ፔርሙዝ ይመርጣል። እኔ በረዶን አላምነውም። ሙቀት ኢንሱሊንን የሚያደክመው ቀስ በቀስ ነው፤ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ግን ወዲያውኑ መጣል አለበት። ብልቃጡ በረዶውን ከነካ ያ ሊደርስ ይችላል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ብልቃጡ ውሃ ውስጥ ይዋኝና ጽሑፉ ይለቃል። ስለዚህ ውጭ አገር ያለች ጓደኛዬ የላከችልኝን የጨርቅ ከረጢት ያዝኩ። ውሃ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው ፍሬ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከዚያ ውሃው ሲተን ከረጢቱን ያቀዘቅዘዋል። ነፋስ ካላገኘ ስለማይሠራ ታፍኖ መቀመጥ የለበትም። ሁለተኛውን የመድኃኒት ድርሻ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስ ጋር አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ውስጥ አስገባሁ። የምከታተልበት ክሊኒክ ነርስ «ሁሉንም አንድ ቦታ አታድርጊ፤ አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍሽ» ብላኛለች። ማኅተም ያለበት የሐኪም ደብዳቤም ጻፈችልኝ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ ቦርሳዬን ከሌላው ሻንጣ ጋር ወደ አውቶብሱ ጣሪያ ሊያወጣው እጁን ዘረጋ። «ይህቺ ከእኔ አትለይም፤ መድኃኒት አለባት» አልኩት። ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ጣሪያ ላይ ኢንሱሊን መጫን ማለት መድኃኒቱን አብስሎ ማውረድ ነው። ረዳቱ ሳያጉረመርም በፀሐይ ተቃራኒ በኩል፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጠኝ።

አዳማ ለቁርስ ስንቆም ምግቡ ፊቴ እስኪቀርብ ጠብቄ ነው የተወጋሁት። ይህን በመንገድ ላይ ፈጽሞ አልጥሰውም። ታዝዞ የዘገየ ምግብ ለሌላው ሰው ረሃብ ነው፤ ቀድሞ ለተወጋ ሰው ግን አደጋ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሎግያ ሻይ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ነበሩ። መርፌውን አይተው ፊታቸውን አላዞሩም።

«ምን አግኝቶሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ስኳር ነው እማማ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።»

«ታዲያ መንገድ ላይ ቢጥልሽ እኔ ምን ላድርግ? አሁኑኑ ንገሪኝ።»

አብረውኝ የተጓዙ ሰዎች ሁሉ ይህን ጥያቄ ቢጠይቁኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ነገርኳቸው። እጄ ከተንቀጠቀጠ፣ ወሬዬ ከተምታታ፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣሁ ከቦርሳዬ የጎን ኪስ ለስላሳውን አውጥተው ያጠጡኝ። ራሴን ከሳትኩ ግን በአፌ ምንም አይጨምሩ፤ ሊያንቀኝ ይችላል፤ በጎኔ ያስተኙኝና ቶሎ ጤና ጣቢያ ያድርሱኝ። እሳቸውም ደግመው እያሉ እስኪይዙት ድረስ አላረፉም።

መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ ዳር ይዘን ስናልፍ ሕፃናት ሸንኮራ ይዘው ወደ መስኮቱ ተሯሯጡ። እማማ ሊገዙልኝ ፈለጉ፤ «ስኳሬ ቢወርድ ሸንኮራ አይደርስልኝም፤ ተላምጦ፣ ተመጥጦ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል» አልኳቸው። ለዚያ የሚሆነው ቶሎ የሚዋጠው ነው፤ ለስላሳ፣ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ማር።

አዋሽ ሳንደርስ ከፊታችን አንድ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ጠዋት የተወጋሁት ኤን ፒ ኤች ኃይሉ የሚበረታው ከተወጉት ከአራት ሰዓት በኋላ ጀምሮ ስለሆነ፣ አውቶብሱ ቢቆምም መድኃኒቱ ሥራውን አላቆመም። አዲስ አበባ ሳለሁ ስኳሬ መውረዱን የማውቀው በላብ ነው፤ ግንባሬን ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል። ቆላ ላይ ግን ሁሉም ሰው በላብ ተጠምቋል፤ ላብ ምልክት መሆኑ ቀረ። ለዚህ ነው በረሃ ላይ በስሜት ሳይሆን በመለኪያ መኖር የሚያስፈልገው። መለኪያዬን ሳወጣ ደግሞ በቁጥር ፈንታ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ምልክት አሳየኝ፤ አብዛኞቹ መለኪያዎች ከ40 ዲግሪ በላይ አይሠሩም። በእርጥቡ ከረጢት አጠገብ፣ ውሃ ሳይነካው፣ ጥቂት ካቆየሁት በኋላ 62 አነበበልኝ፤ ስኳሬ ወርዷል ማለት ነው። እማማ ከእኔ ቀድመው የለስላሳውን ክዳን ከፍተውታል። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ስለካ 94 ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ የያዝኩትን ዳቦ በላሁ።

ኬላው ላይ ፍተሻ ነበር። ወጣቱ ፈታሽ መርፌዎቹን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ። ደብዳቤውን ሰጠሁት፤ አንብቦ ሲጨርስ «እናቴም ትወስዳለች» አለና ፔርሙዙን ራሱ ቶሎ ከደነው። «ፀሐይ እንዳያገኘው፣ እህቴ» ብሎ ሰጠኝ።

ከአዋሽ ወደ ሰሜን ታጥፈን በገዋኔ በኩል ስንጓዝ የአያሉ ተራራ በስተቀኛችን ቆሞ ብዙ መንገድ ተከተለን። ግራና ቀኙን ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ወርሶታል። ከጅቡቲ የሚመለሱት ከባድ መኪኖች ጎናቸው ላይ ጄሪካን አንጠልጥለዋል፤ ጄሪካኑ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ጆንያው በውሃ ርሷል። ሾፌሮቹ በዚህ ዘዴ ነው ቀዝቃዛ ውሃ የሚጠጡት። የእኔ ከረጢት የሚሠራውም በዚያው መንገድ ነው፤ ጆንያውን እያየሁ ልቤ በጣም ተረጋጋ። በእረፍት ቦታ ሁሉ ከረጢቱን ዳሰስኩ፤ እርጥብ ነው፤ ውስጡ ያስቀመጥኳት ትንሽ ቴርሞሜትር ከ26 ዲግሪ አላለፈችም።

ሰመራ ያደርኩበት ሆቴል መጠሪያው ይቅርብኝ። ያልተከፈቱትን ብልቃጦች በመጠጥ ማቀዝቀዣው መካከለኛ መደርደሪያ ላይ እንዲያስቀምጡልኝ ሰጠሁ፤ «በረዶ እንዳይነካው» ብዬ በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩበት። ሌሊት ተረኛ ሲቀየር ሌላው አስተናጋጅ ወስዶ በረዶ ቤቱ ውስጥ ከቶታል። ጠዋት ስቀበለው «ይበልጥ እንዲቀዘቅዝልሽ ብዬ ነው» አለኝ፤ ክፋት አልነበረበትም። ኤን ፒ ኤቹ ሲቀልጥ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ፍርፋሪ የመሰለ ነጭ ነገር ተጣብቆ ቀረ፤ በመዳፌ መካከል ቀስ አድርጌ ባንከባልለውም አልተዋሐደም። ይህኛው መበላሸቱን ራሱ ይናገራል። የሚያስፈራው ሬጉላሩ ነው፤ በረዶ ሆኖ ከቀለጠም በኋላ ጥርት ብሎ ደኅና ይመስላል። ሁለቱንም ጣልኳቸው። በዚያ ዋጋ፣ በዚያ ርቀት መድኃኒት መጣል አንጀት ይበላል፤ ቢሆንም ኃይሉ የማይታወቅ ኢንሱሊን መውጋት በሕይወት መጫወት ነው። እንግዳ የሚያስተናግዱ ሆቴሎች ሁሉ ሠራተኞቻቸውን ይህቺን አንዲት ነገር ቢያስተምሩልን እላለሁ፤ መድኃኒት በረዶ ቤት አይገባም።

በከረጢቱ የነበረው ድርሻ ለጉዞው ቢበቃም መጠባበቂያ ሳልይዝ አሳይታ መግባት አልፈለግሁም። በመንገዴ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለሙያው ማቀዝቀዣውን ሳይከፍት በፊት በሩ ላይ የተለጠፈውን የሙቀት መመዝገቢያ አሳየኝ፤ ጠዋትና ማታ ተሞልቷል፤ ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ላይ ነው። ከእንደዚህ ያለ ሰው መድኃኒት መግዛት ደስ ይላል።

አሳይታ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ወንድሜ ፍሪጅ አለው፤ መብራቱ ግን ይሄዳል፣ ይመጣል። የእሱ ሚስት ከሩቅ ስትሰማኝ ቆይታ «ጎረቤታችን ትምጣና ታሳይሽ» አለች። ጎረቤቷ የባቲ ልጅ ናት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጇ እንደ እኔው በኢንሱሊን ይኖራል። ቤቷ ወሰደችኝ። ዳሱ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል፣ ሦስት ድንጋይ ላይ ትልቅ ማሰሮ ተቀምጧል። በውስጡ ሌላ ትንሽ ማሰሮ አለ፤ በሁለቱ መካከል አሸዋ ተሞልቶ በውሃ ርሷል፤ አፉ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል። ብልቃጡ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ተከድኖ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጧል፤ ደረቅ ነው።

«ያልተሟሸ መሆን አለበት» አለችኝ። «የተሟሸ ማሰሮ ላብ አያወጣም። ጀርባውን ዳሺው፤ ከረጠበ ደኅና ነው። ከደረቀ ውሃ ጠምቶታል ማለት ነው።» በቀን ሦስት ጊዜ አሸዋውን ታጠጣለች፤ እሷ ከሌለች ልጁ ራሱ ያጠጣል። ቴርሞሜትሬን አስገባሁ። ዳሱ ሥር 39 ዲግሪ ሲሆን ማሰሮው ውስጥ 28 ነበር።

ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰሜን ኬንያ ካለው የዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ በመነሳት ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ በሚሄድ ሙቀት ለአራት ሳምንታት የተቀመጠ ኢንሱሊን፣ በቅዝቃዜ ከተቀመጠው ጋር ሲነጻጸር ኃይሉን አላጣም። ይህን ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ። ለካ ክሊኒክ ሄዳ «ፍሪጅ ከሌለሽ አይሆንም» ተብላ ልጄን እየጎዳሁት ነው እያለች ስትብሰለሰል ኖራለች! እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያልተከፈተውን ለወራት በማሰሮ ማቆየት እንደማይቻል፣ የተከፈተበትንም ቀን ብልቃጡ ላይ መጻፍ እንዳለባት ብቻ ጨመርኩላት። ቀኑን ግን ቀድሞውኑ ትጽፍ ነበር።

በአሳይታ ቆይታዬ የእኔም ብልቃጥ ከልጇ ብልቃጥ ጋር በዚያው ማሰሮ ኖረ። ሙቀት ቆዳ ላይ የደም ዝውውርን ስለሚጨምር ኢንሱሊኑ ከለመድኩት ፈጥኖ ሲሠራ አየሁ፤ ነርሷን በስልክ አማክሬ መጠኑን ጥቂት ቀነስኩ፤ የምለካበትንም ጊዜ አበዛሁ። ክርስትናው በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ተፈጸመ። የወንድሜ ልጅ አልቅሶ አላባራም፤ ጤነኛ ሳንባ አለው።

ስመለስ ከሰመራ በአውሮፕላን ነው። ኢንሱሊኑን በእጄ ያዝኩት፤ የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል በበረራ ላይ በጣም ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ለሻንጣ አይሰጥም። ደብዳቤዬን አይተው አሳለፉኝ።

ከመውጣቴ በፊት የልጁ እናት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ እኔው ያለች ትንሽ ቴርሞሜትር። የእኔን ትቼላት መጣሁ። በሳምንቱ ደውላ፣ ማሰሮው ቀትር ላይ 29 እንደሚደርስ፣ ጆንያውን ሁለት እጥፍ ስታደርገው ደግሞ 27 እንደሆነላት ነገረችኝ። አሁን ለሁለት ሌሎች እናቶች ማሰሮ እየፈለገች ነው፤ እኔም ለእነሱ ቴርሞሜትር ገዝቼ የወንድሜ ባልደረባ አዲስ አበባ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው።