ቁጥር 5 እና 16 ዲግሪ

ፍራንክፈርት የሚኖረው የእኅቴ ልጅ በየዓመቱ ብርዱ ሲጀምር ስለ ቤቱ ማሞቂያ ይጠይቀኛል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ኤሲና ፍሪጅ እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ፣ ስለ ራዲያተር ምክር መስጠቴ ሰሚውን ሊያስቀው ይችላል፤ ይሁንና የእሱ ጥያቄና እዚህ የሳቢያንና የከዚራ ደንበኞቼ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው። እሱ «ጋሼ፣ ቫልቩን 5 ላይ ባደርገው ቤቱ ቶሎ ይሞቃል?» ይላል። ደንበኛዬ ደግሞ፣ ድሬ ነውና አንቱታ ሳያበዛ፣ «አቦ፣ 16 ላይ አድርግልኝ፣ ቤቱ ቶሎ ይቀዝቅዝ» ይላል። ለሁለቱም የምሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ በመሣሪያው ላይ ያለው ቁጥር ቤቱ የት ሲደርስ ሥራው እንደሚቆም ይናገራል እንጂ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ አይናገርም።

በጀርመን አብዛኛው አፓርታማ የሚሞቀው በሙቅ ውሃ ነው። ውሃው ሕንፃው ውስጥ ባለ ቦይለር ወይም ከከተማው የሙቀት መስመር በሚመጣ ሙቀት ይሞቅና በፓምፕ እየተገፋ በየክፍሉ፣ ብዙ ጊዜም መስኮት ሥር፣ በተተከሉት ራዲያተሮች ውስጥ ያልፋል፤ ሙቀቱን ለክፍሉ ትቶም ይመለሳል። ወደ እያንዳንዱ ራዲያተር የሚገባውን ውሃ የሚመጥነው ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈበት የቫልቭ ራስ ነው። ይህ ራስ ኤሌክትሪክም ባትሪም የለውም፤ ለእኔ ከብዙ ዘመናዊ ዕቃ ይልቅ የሚያስደንቀኝም በዚሁ ነው። በውስጡ ሰም ወይም ፈሳሽ የታሸገባት ትንሽ ዕቃ አለች፤ የክፍሉ አየር ሲሞቅ በውስጧ ያለው ነገር ይለጠጥና ቀጭን ፒን ይገፋል፣ ፒኑም የውሃውን መንገድ ያጠብባል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተርና ፒኑ በስፕሪንግ ተገፍቶ ሲመለስ መንገዱ ይከፈታል። የዳንፎስ ኩባንያ መሥራች የነበረው ዴንማርካዊው ማድስ ክላውሰን ይህን መሣሪያ የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ቁጥሮቹ በብዙ አምራቾች ዘንድ ተቀራራቢ ናቸው፤ 2 ወደ 16፣ 3 ወደ 20፣ 4 ወደ 24፣ 5 ደግሞ ወደ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ የበረዶ ኮከብ ምልክቱ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይረጋ 6 ዲግሪ ገደማን ይጠብቃል።

እንግዲህ የእኅቴ ልጅ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ 15 ዲግሪ ላይ ወርዶ ቢያገኘውና ቫልቩን 3 ላይ ቢያደርገው፣ ቤቱ ከሚፈለገው በ5 ዲግሪ ስላነሰ ቫልቩ ያን ጊዜውኑ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ መጥበብ የሚጀምረው ሙቀቱ ወደ መድረሻው ሲቃረብ ነው። 5 ላይ ቢያደርገው ከዚህ በላይ የሚከፈት ነገር የለም። በውስጡ የሚያልፈውን ውሃ ሙቀት የሚወስነው ቦይለሩ፣ ያውም ብዙ ጊዜ የውጭውን አየር በሚለካ ሴንሰር እየተመራ፣ እንጂ ቫልቩ አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው ቆይቶ ነው፤ 3 ላይ የተደረገው 20 አካባቢ ሲያበቃ 5 ላይ የተደረገው ወደ 28 ጉዞውን ይቀጥላል፣ ሰውየውም ላቡን እየጠረገ መስኮት ይከፍታል።

መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ራዲያተሩ መስኮት ሥር ስላለ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ ቫልቩን ይመታዋል፤ በውስጡ ያለው ሰም ይኮማተራል፣ ቫልቩም ቤቱ በረደው ብሎ ውሃውን ይለቀዋል፤ በዚህ ጊዜ የሚሞቀው ቤቱ ሳይሆን የውጭው ጎዳና ነው። በእኛ ሰው ቤት ቡናውም ወጡም ስለሚበዛ እንፋሎት ማስወጣት ግዴታ ነው፤ ባይወጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ተቀምጦ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ ቫልቩን ዘግቶ መስኮቱን ለጥቂት ደቂቃ በሰፊው መክፈት፣ ከዚያም መስኮቱን ዘግቶ ቫልቩን ወደ ቦታው መመለስ ይሻላል። መስኮቱን ገርበብ አድርጎ መዋል ግድግዳውን ያቀዘቅዘዋል፣ ሒሳቡንም ያስወድደዋል።

ስማርት የሚባለው ቫልቭ ሰሙን በትንሽ ሞተርና በሴንሰር የተካ ነው። አብዛኛዎቹ በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ሞተሩ ያንኑ ፒን ይገፋል፣ ይስባል። የሚቀየረው ራሱ ብቻ ስለሆነና የቫልቩ አካል ቧንቧው ላይ ስለሚቀር ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ተከራይም ቢሆን የድሮውን ራስ አስቀምጦ ቤቱን ሲለቅ መልሶ ሊያስረው ይችላል። በጣም የተለመደው የማሰሪያ ጥርስ 30 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.5 ሚሊ ሜትር የጥርስ ርቀት ያለው ሲሆን፣ አንዳንድ ቫልቮች ግን የራሳቸው ማሰሪያ ስላላቸው አዳፕተር ይፈልጋሉ። ሲታሰር ሞተሩ ፒኑን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ርቀቱን ይለካል፤ የእኅቴ ልጅ ያን ጊዜ የሰማውን ጉርምርምታ ብልሽት መስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ በስልክ ሰዓት ይሞላለታል፤ ጠዋት 20፣ ቀን ሰው በሌለበት 17፣ ማታ እንደገና 20 እያሉ ማለት ነው። ሙቀቱ በድንገት ሲወርድ መስኮት ተከፍቷል ብሎ ለጊዜው የሚዘጋም አለ።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስማርቱ ቫልቭ በራሱ ሙቀት አያመነጭም፣ ውሃውንም አያሞቅም። በወቅቱ ዞሮ ቁጥሩን የሚቀንስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ መሣሪያው የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ቤቱን ባዶ ጥሎ ራዲያተሩን 4 ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው ቤት ግን ብዙ ሊያተርፍ ይችላል። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ አሜሪካዊው መምህር ዋረን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1883 የኤሌክትሪክ የክፍል ቴርሞስታት (የክፍሉን ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን የሚቆጣጠር መሣሪያ) ፓተንት ያወጣው፣ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ በየክፍሉ እየገባ ሙቀት ማየቱ ስለቸገረው ነው። የዛሬው ስልክ የዚያን ሠራተኛ ዙር ያስቀራል።

ብዙ ሰው የሚከራከረኝ ስለ ሌሊቱ ነው፤ «ቤቱ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ማሞቅ የበለጠ ይበላል» ይሉኛል። ቤት ሙቀት የሚያጣው በውስጡና በውጭው መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ስለሆነ፣ ለስምንት ሰዓት 17 ዲግሪ ላይ የቆየ ቤት 21 ላይ ከቆየው ያነሰ ያጣል፤ ጠዋት ለማሞቅ የሚከፈለው ያ ያልጠፋው ሙቀት ከሚያተርፈው አይበልጥም። ቀዝቅዞ የቆየበት ሰዓት ሁሉ ትርፍ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን አያይዤ እናገራለሁ። ማሞቂያው ሂት ፓምፕ (እንደ ፍሪጅ በኮምፕሬሰር ከውጭ ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ መሣሪያ) ከሆነ ጠዋት በጥድፊያ ማሞቅ ይበልጥ የሞቀ ውሃ ስለሚጠይቅና ሂት ፓምፕ ደግሞ ውሃው በሞቀ ቁጥር ብቃቱ ስለሚቀንስ፣ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ክፍሉንም ከ16 በታች ለረጅም ጊዜ ማውረድ ያው የሻጋታ በር መክፈት ነው። በጀርመን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስሌት የክፍሉን ሙቀት በ1 ዲግሪ መቀነስ ከማሞቂያው ወጪ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው።

ሴንሰሩ የት እንዳለ ማየት ከዋጋውም ከስማርትነቱም ይቀድማል። የቫልቩ ራስ በረጅም መጋረጃ ከተሸፈነ ወይም ሶፋ ከተገፋበት፣ ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነውን ሙቀት ለክፍሉ ሙቀት ወስዶ ቀድሞ ይዘጋል፤ ሰውየው ሶፋው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቫልቩ ግን ሞቋል ይላል። ስማርቱም ከትኩሱ ብረት አጠገብ ስለሚለካ ይሳሳታል፤ በዚህ ምክንያት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ለብቻው የሆነ ሴንሰር የሚቀበለውን መምረጥ ይበጃል። ቦይለሩን የሚያዝ የግድግዳ ቴርሞስታት ሳሎን ውስጥ ካለ ደግሞ የሳሎኑ ራዲያተር ቫልቭ ክፍት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ቫልቩ ይዘጋል፣ ግድግዳው ላይ ያለው «ገና አልሞቀም» እያለ ቦይለሩን ያነዳል።

ራዲያተሩ ፊት ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ቆጣሪ ቴርሞስታት እንዳልሆነችም ላስታውስ፤ የዓመቱን ሒሳብ ለተከራዮች ለማካፈል የምትለካ ናትና አትነካም።

ወደ ድሬ እንመለስ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቴርሞሜትሩ ከ35 ማለፉ አያስገርምም። ተራው ኤሲ ኮምፕሬሰሩን አንድም በሙሉ ኃይል ያሠራል፣ አንድም ያቆማል፤ ስለዚህ 16 ላይ ተደረገ 25 ላይ የሚነፍሰው ቅዝቃዜ ያው ነው፣ ልዩነቱ 25 ላይ የተደረገው ማረፊያ ያለው መሆኑ ነው። ቆርቆሮውን ፀሐይ ሲያነደው በዋለ፣ ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ 16 ዲግሪ ጨርሶ አይደረስበትም፤ ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ይውልና ቆጣሪው ይሮጣል። ኢንቨርተር ያለው ደግሞ ወደ መድረሻው ሲቃረብ ፍጥነቱን እየቀነሰ ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ ነው፤ 16 ላይ ማድረግ የተገዛበትን ጥቅም መልሶ መንጠቅ ነው።

የሴንሰሩም ጉዳይ እዚህ አለ። የስፕሊት ኤሲ ሴንሰር የሚለካው ግድግዳው ላይኛ ክፍል በተሰቀለው ዕቃ የሚገባውን አየር ነው፤ ጣሪያቸው ከፍ ባለ የከዚራ የጥንት ቤቶች ውስጥ ላይ ያለው አየርና ወለሉ ላይ ሽርጡን አገልድሞ የተጋደመው ሰው የሚያገኘው አየር አንድ አይደሉም። አንዳንድ ሪሞቶች በራሳቸው ሴንሰር እንዲለኩ ማዘዝ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሪሞቱን ቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አለማስቀመጥ ነው። ሐረር የሚኖሩ ዘመዶቼ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በዘይት የተሞላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይለኩሳሉ፤ የእሱም ማዞሪያ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በዝግ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ከመተኛት እጅግ ይሻላል፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም።

ለእኅቴ ልጅ የመከርኩት ስማርቱን ለሳሎንና ለመኝታ ክፍል ብቻ እንዲገዛ ነው፤ የሥራ ሰዓቱ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ይጠቅመዋል፤ ለወጥ ቤቱና ለመታጠቢያው ሰሙ ይበቃል። በጋ ላይ ደግሞ የሰሞቹን ቫልቮች 5 ላይ ከፍቶ እንዲተዋቸው ነግሬዋለሁ፤ ወራት ሙሉ የተዘጋ ፒን ይጣበቅና መኸር ሲገባ ራዲያተሩ አይሞቅም። ድሬ ላይ በስልክ የሚታዘዝ መቆጣጠሪያ ግጠምልኝ ለሚለኝ ደንበኛ ግን አስቀድሜ ፊልተሩን አጥባለሁ፣ ምዕራብ የሚያየውን መስኮት ጥላ እንዲያደርግለት እነግረዋለሁ፤ ከዚያም በኋላ ከፈለገው፣ ዋይፋይ ሲጠፋ የተሞላለትን ሰዓት በራሱ የሚጠብቀውን፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ከማስነሣቱ በፊት ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚታገሠውን እመርጥለታለሁ።