ድሬዳዋ በባቡር፦ ሰውን ለማሳመን የፈጀብኝ ሁለት ዓመት

ድሬዳዋ የምትኖረው አክስቴ መታመም ከጀመረች ወዲህ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እርሷ እመላለሳለሁ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ጉዞ የማደርገው በባቡር ነው። ከመጀመሪያው ጉዞዬ ስመለስ አዲስ ሃይማኖት እንደ ተቀበለ ሰው ሆኜ ነበር፤ በምሳ ሰዓት፣ በማኅበር፣ እንዲያውም አንድ ጊዜ በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ስለ ባቡሩ አወራ ነበር። በዚያ ሁሉ ወሬ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ትኬት አልገዛም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ እስከ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ድረስ ከሃያ የሚበልጡ ወዳጆቼና ጎረቤቶቼ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሳፍረዋል። እዚህ የምጽፈው ምን አበላሽቼ እንደ ነበርና ምን እንዳስተካከልኩ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ የተጠየቅሁትን ትቼ ያልተጠየቅሁትን መመለሴ ነበር። ቤተሰቦቿ ድሬዳዋ ከዚራ የሚኖሩ አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባ አለችኝ፤ ለፋሲካ ሁልጊዜ በአውቶቡስ ነው የምትሄደው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ ባቡሩ ስለፈልፍባት ቆይታ፣ «ለመሆኑ ጣቢያው የት ነው?» አለችኝ። እኔም ምኒልክ ለባቡሩ ሥራ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ መስጠታቸውን፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ መድረሱን፣ «ለገሃር» የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው የጣቢያ መጠሪያ መወረሱን፣ የአሁኑ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት መጀመሩን አከታትዬ ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «እኔ የጠየቅሁህ መንገዱን ነው፤ አንተ የምትነግረኝ ግን ታሪክ ነው» አለች።

ቀጥላም የምሳችንን ደረሰኝ ገልብጣ በጀርባው ላይ ሁለት ዓምድ አሰመረች። በአንደኛው ዓምድ አውቶቡሱን ጻፈች፦ ከመገናኛ ሌሊት ተነሥቶ መስቀል አደባባይ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ፣ መውረጃው ድሬዳዋ መሐል ከተማ። በሁለተኛው ባቡሩን አሰፈረች፦ ከመገናኛ ከተማውን አቋርጦ የባቡሩ ጣቢያ ወዳለበት ፉሪ ለቡ ለመድረስ የራይድ ሒሳብ፣ ድሬዳዋ ሲደረስም ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለሆነ የባጃጅ ሒሳብ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «ይኸውልህ» አለችኝ። በከተማው ውስጥ የሚሄደው ቀላል ባቡር ቃሊቲ ላይ እንደሚያበቃና ለቡ እንደማይደርስ ስለማውቅ፣ ሐዲዱን በሐዲድ አያይዤ ልከራከራት እንኳ አልቻልኩም። በሙያዋ ሒሳብ ሠርታ አሸነፈችኝ።

ያንን ደረሰኝ ለምኜ ወሰድኩት። በቀጣዮቹ ሁለት ጉዞዎቼ የቤቴ በር ከተዘጋበት ደቂቃ አንሥቶ የአክስቴ በር እስከ ተከፈተልኝ ድረስ ያለውን ጊዜና ወጪ በማስታወሻ ደብተር መዘገብኩ። ውጤቱ እኔ ስለፍፍ ከኖርኩት ጋር አልገጠመም። ባቡሩ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቢሆንም፣ የሁለቱ ዳርቻ ጣቢያዎች ርቀት ሲደመርበት ከአውቶቡሱ እምብዛም አይቀድምም፤ በወጪም ቢሆን ብቻውን ራይድ ለሚጠራ ሰው አይረክስም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የመኪናው መንገድ ከአዋሽ በኋላ የጨርጨርን ተራሮች ይዞ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በቁልቢ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በየኩርባው ከሲኖ ትራክ ጋር ፊት ለፊት እየተፋጠጡ፣ የሚያስመልሳቸውን ሕፃናት እያስታገሡ መሄድ ነው። ባቡሩ ግን በቆላው በኩል፣ በሚኤሶ፣ በአፍደም፣ በቢኬ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ሰው ተነሥቶ ይራመዳል፣ መፀዳጃ ቤት ይሄዳል፣ እግሩን ይዘረጋል።

እዚህ ላይ ነው ያ የታሪክ ወሬዬ በመጨረሻ ለአንድ ቁም ነገር የዋለው። የጥንቱ ባቡር ሐረር ይደርሳል ተብሎ የታሰበ ነበር፤ ተራራውን መውጣት አዳጋችና ውድ ስለሆነ ግን በቆላው እንዲያልፍ ተደረገና በተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ እርሱም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይባል የነበረው የዛሬው ድሬዳዋ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤቴ፣ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር፣ ስለ 120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስነግራቸው ምንም አልመሰላቸውም ነበር፤ «ጋሼ፣ ባቡሩ ዳገቱን ሸሽቶ ነው የሚሄደው፤ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጣሉ» ስላቸው ግን ቀና ብለው አዩኝ።

ስለዚህ ንግግሬን ገለበጥኩት። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳግባባ የምጀምረው ከጉድለቱ ነው፦ ጣቢያው ሩቅ ነው፤ በማለዳ መነሣት የግድ ነው፤ እኛ በተጓዝንበት ጊዜ ባቡሩ አንድ ቀን እየዘለለ ስለሚሄድ መሄጃን ብቻ ሳይሆን መመለሻን ጭምር አስቀድሞ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ያለ መታወቂያ ትኬት አይገዛም፤ ሻንጣ ይፈተሻል። ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ጆሮ የሚሰጠኝ ሰው ካለ፣ ቀሪው ቀላል ነው። ጉድለቱን ቀድሞ የሰማ ሰው ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ አይደነግጥም፤ ያልሰማ ግን አንዲት እንቅፋት ስታጋጥመው ያታለልኩት ይመስለዋል።

የመጀመሪያውን የጋራ ጉዞ ያሰናዳሁት ለአራት ሰዎች ነበር፦ ለራሴ፣ ለባልደረባዬ፣ ለጋሼና ለአንድ አብሮ አደጌ። የራይዱን ሒሳብ ለመካፈል በአንድ መኪና እንድንሄድ አደረግሁ፤ አብሮ አደጌ ብቻ ቤቱ ለለቡ ቅርብ ስለሆነ ጣቢያው ላይ እንዲጠብቀን ተስማማን። በዋዜማው በስልክ የላክሁለት መልእክት አጭር ነበር፤ «ነገ መነሻ 8:00፣ ፉሪ ለቡ» ይላል። ፍተሻውን አልፈን ተቀምጠን ሳለ አብሮ አደጌ ባለመድረሱ ደወልኩለት። ሻይ እየጠጣ ነበር። «ምነው ቸኮልክ? ገና ስድስት ሰዓት አለኝ እኮ» አለኝ። እኔ የጻፍኩት በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እርሱ ደግሞ እንደ ማንኛውም ጤናማ ሐበሻ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ብሎ አነበበው። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ስለሆነ የትኬቱን ገንዘብ ከኪሴ ከፈልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰዓትን በቁጥር ጽፌ አላውቅም፤ «ከጧቱ ሁለት ሰዓት፤ ጣቢያ መድረሻ አንድ ሰዓት ሳይሞላ» ብዬ በፊደል እጽፋለሁ፣ ማለዳም ለእያንዳንዱ እደውላለሁ። ከተማረ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይጠበቅም ብሎ የሚስቅብኝ ካለ፣ በስድስት ሰዓት ልዩነት አውሮፕላን ያመለጣቸውን ዘመዶቹን ይጠይቅ።

በዚያ ጉዞ ላይ ግን አንድ ትልቅ ነገር ተማርኩ፤ ይኸውም አፌን መዝጋት። አዳማን እስክናልፍ ድረስ እንደ አስጎብኚ ስለ ሐዲዱ ስፋት፣ ስለ ኤሌክትሪኩ፣ መስመሩ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ መሆኑ እያወራሁ ነበር። ባልደረባዬ በመስኮቱ በኩል ፊቷን አዞረች። መተሐራ ላይ የፈንታሌ ተራራ ሲታይ ዝም አልኩ። ያኔ ጋሼ መናገር ጀመሩ። ወጣት ሳሉ በጥንቱ ባቡር ድሬዳዋ ለማስተማር ሲሄዱ አዋሽ ላይ ቡፌው በረንዳ ተቀምጠው ምሳ መብላታቸውን፣ ደመወዛቸው ትንሽ ስለነበር ሾርባውን ብቻ አዝዘው ዳቦ እያስጨመሩ መጥገባቸውን፣ ሼመንደፈር በሚባለው የጥንቱ የባቡር ድርጅት የሚሠራ ሰው በድሬዳዋ እንደ ሹም ይታይ እንደ ነበር አጫወቱን። የፊት ለፊቱ ወንበር ላይ የተቀመጡ የማናውቃቸው እናት ልጃቸውን አቅፈው ያዳምጡ ነበር፤ ጥቂት ቆይተው በሰሐን የያዙትን ፍርፍር ከፍተው ለሁላችን አቀረቡ፤ ጋሼንም «አባባ፣ ይቅመሱ» እያሉ አጎረሷቸው። ከሚኤሶ ወዲያ ግመሎች ከሐዲዱ አጠገብ ሲግጡ ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ፤ እረኛው ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሳይቸኩል፣ አንድ በአንድ ገለል አደረጋቸው። ባልደረባዬ ስልኳን አውጥታ ቀረጸችው። ያ የሃያ ሰከንድ ምስል በመሥሪያ ቤታችን የሠራውን ሥራ የእኔ የአንድ ዓመት ስብከት አልሠራውም፤ በሳምንቱ ሁለት ሰዎች መጥተው የጠየቁኝ ግመሎቹን አይተው ነው።

ከዚያ በኋላ ማኅበራችን ለቁልቢ ገብርኤል በባቡር እንሂድ አለ። የታኅሣሥ 19 ንግሥ ሲቃረብ የድሬዳዋ መንገድ ሁሉ ስለሚጨናነቅ ትኬቱን ቀድሞ መያዝ ነበረብን፤ ተጓዡ አሥራ አራት ሰው ነበር። ብቻዬን ልሠራው እንደማልችል ገብቶኝ ሥራውን ከፋፈልኩት። ገንዘቡን የዕቁባችን ዳኛ ሰበሰቡ፤ በእርሳቸው እጅ የገባ ብር ስለማይጠፋ ማንም አላጉረመረመም። የመታወቂያ ቅጂ የሰበሰበችው ባልደረባዬ የአንዲት እናት የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው እንዳለፈበት ከሁለት ሳምንት በፊት አየች፤ ለማሳደስ በቂ ጊዜ አገኘን። ያን ጊዜ ባታየው ኖሮ እኒያ እናት በር ላይ ሊቀሩ ነው። ጾመ ነቢያት ስለነበር ስንቁ ሽሮ ፍርፍር፣ ዳቦና ቆሎ ሆነ። ውኃውን ግን አሳንሼ አሰላሁት፤ የአዲስ አበባን ብርድ ለብሰን ስለ ተነሣን ቆላ ስንገባ ሁሉም ጋቢውን ጥሎ ውኃ መፈለግ ጀመረ። አሁን ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ይዤ ነው የምሄደው፤ ከላይ የሚደረበውም በቀላሉ የሚወልቅ እንዲሆን አስቀድሜ እናገራለሁ።

አልጋ ያለው ፉርጎ ለአረጋውያኑ ይሻላል ብዬ ነበር፤ በአንዱ ክፍል ስድስት አልጋ፣ በሌላው ዓይነት ደግሞ አራት አልጋ አለ። አረጋውያኑ ግን መተኛት አልፈለጉም፤ ከሰው ጋር መቀመጥ ነው የፈለጉት። በግማሽ መንገድ ሁሉም ወደ ወንበሩ ፉርጎ ተሰበሰቡና መዝሙር ተጀመረ። ለአልጋው የከፈልነው ትርፍ ገንዘብ በከንቱ ቀረ። ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ ሁለት ሚኒባስ ቀድሜ ተነጋግሬ ስለነበር ግን በቀጥታ በደንገጎ ዳገት ወደ ቁልቢ ወጣን፤ ከሁሉም ዝግጅት እንደዚህ የተመሰገንኩበት የለም። ሰው የሚፈራው ባቡሩን ሳይሆን ከባቡሩ ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ አለማወቁን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ያላሳመንኳቸውም አሉ፤ ከነዚህ ጥቂቶቹን ደግሞ ራሴ ነኝ «ይቅርባችሁ» ያልኳቸው። አንድ ዘመዴ ሂርና ለሠርግ ሊሄድ ሲል ባቡር ጠየቀኝ፤ ሐዲዱ በዚያ እንደማያልፍ ነግሬ አውቶቡሱን እንዲይዝ መከርኩት። አያት የምትኖር፣ ሦስት ትንንሽ ልጆችና አምስት ሻንጣ ያላት ጎረቤታችንንም እንዲሁ፤ በዚያ ማለዳ ሁሉንም ይዞ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ መሻገር ሥቃይ ነው። ዘመዴ ከሠርጉ ሲመለስ ለጓደኛው፣ «እርሱ እንኳ አትሂድ ካለህ አትሂድ፤ ሂድ ካለህ ግን ሂድ» ብሎ ነገረው አሉ። ጓደኛው በሚቀጥለው ወር ደወለልኝ።

ባልደረባዬ የሚቀጥለውን የድሬዳዋ ጉዞ ራሷ አሰናዳችው፤ እኔን የጨመረችኝ ከስምንቱ አንዱ አድርጋ ነው። በዋዜማው የላከችልን ሰንጠረዥ አምስት ዓምድ ነበረው፤ ስም፣ መታወቂያ፣ የተከፈለ፣ ቀሪ ዕዳ፣ ውኃ። በእኔ ስም ትይዩ ከቀሪ ዕዳው ሥር የሁለት ሊትር ውኃ ዋጋ ተጽፏል። ከሰንጠረዡ ግርጌ ደግሞ በወፍራም ፊደል፣ «መነሻ ከጧቱ ሁለት ሰዓት፤ በሐበሻ» ይላል።