ሰኔና ሰኞ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ጫማዬ በሩ ሥር ውሃ ያንጠባጥባል፣ ሽሮዬ እሳት ላይ ነው። ውሃ ከሐሙስ ወዲህ ባይመጣም መብራቱ አለ፤ እሱም አንድ ነገር ነው።

ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ሰኔ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ «ቆይ፣ በኋላ ይስተካከላል» የተባለ ነገር ሁሉ ተጠራርቶ የሚመጣው አሁን ነው፤ ፊርማ የጎደለው ደረሰኝ፣ ያልተወራረደ የጉዞ ቅድሚያ ክፍያ፣ ማን እንደወሰደው የማይታወቅ ፔቲ ካሽ። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ የባንክ ማስታረቂያው ነበር፤ የእኛን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር የምናመሳክርበት። ከዓርብ ጀምሮ የ2,700 ብር ልዩነት አለው። የሚያናድደው ደግሞ ማነሱ ነው። ሚሊዮን ቢሆን ስብሰባ ተጠርቶ አብረውኝ ይጨነቁ ነበር፤ ለ2,700 ብር ግን ማን አብሮኝ ያመሻል?

ትናንት ገንዘብ ያዧ ላይ ጮህኩባት። ከተቀጠረች ገና ስድስት ወሯ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ «ያዛባሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። አንድም ቃል አልመለሰችልኝም። ደረሰኞቿን አመሳስላ፣ በላስቲክ አስራ፣ ወንበሯን ሳታንኳኳ ተነሥታ ሄደች። ያ ጸጥታዋ ማታ አልጋዬ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ዛሬ ጠዋት መገናኛ ሰልፍ ላይ ዝናቡ እየወረደብኝ፣ ጓደኛዬ በየቀኑ ከምትልክልኝ ቪዲዮዎች አንዱን ከፈትኩ። ቀንሽን በፈገግታ ጀምሪ፣ አሉታዊ ሐሳብ አታስገቢ ይላል። ክፋት የለውም፣ ወዳኝ ነው የምትልከው። ግን እንዲህ የሚለኝ ሰው ሁሉ ተጨማሪ ሥራ የሰጠኝ ይመስለኛል። መጨነቄ ሳያንስ፣ በመጨነቄ ደግሞ ልጨነቅ?

ምሳ ሰዓት ላይ እማዬ ከደብረ ብርሃን ደወለች። ሁለት ቃል ሳልናገር «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለች። ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ታደርጊ ልጄ፣ ዘንድሮ እኮ ሰኔና ሰኞ ገጥሟል።»

እውነቷን ነው፣ ሰኔ 1 ሰኞ ነበር የዋለው። እኔ ግን የቁጥር ሰው ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 1 ምንጊዜም 270 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ዓመቱ ሐሙስ ከገባ ሰኔ ሰኞ ይብታል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም አልኳት። ወረቀት ላይ እያካፈልኩ በ2001፣ በ2007፣ በ2012ም እንደዚሁ ገጥሞ እንደነበር ቆጠርኩላት።

እስክጨርስ ሰማችኝና «በ2001 ሚኒስትሪ ስትፈተኚ ተቅማጥ ይዞሽ አልነበር?» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። ይዞኝ ነበር። የሒሳቡን ፈተና ግማሹን ሽንት ቤት ነው ያሳለፍኩት። በ2007 ላፕቶፔ ከነጥናቴ ተሰረቀ። 2012ን እንኳ ማን ይረሳዋል፤ ኮሮናው፣ ጭምብሉ፣ ወሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢንተርኔቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። ያካፈልኩት ሒሳብ ትክክል ነው፤ ክርክሩን ግን እማዬ ረታችኝ።

«ለዚያውም ሰማንያ ሦስት አምጥተሽ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ወረቀቱ ፊቴ ቀርቷል። ያካፈልኩትን 270 ሳየው ድሮ ሥራ ያለማመዱኝ ጋሼ ትዝ አሉኝ። «ልዩነት ሲያስቸግርሽ ለ9 አካፍዪው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥር ገልብጠሽ ጽፈሽ እንዳይሆን ተመልከቺ» ይሉኝ ነበር። 2,700 ለ9፤ 300። አንገቴ ሥር ሞቀኝ። ድርሻው በመቶ ስለመጣ የሺህና የመቶ ቤቶቹን ብቻ እያየሁ ከላይ ወደ ታች ወረድኩ። አርባ ደቂቃም አልፈጀብኝ። የግንቦት 14 ቼክ ነው፤ ባንኩ የከፈለው 8,540፣ መዝገቡ ላይ የገባው 5,840። ያስገባው ሰው ስም ጎኑ ላይ ተጽፏል። የእኔ ነው።

ደስታው አንድ ደቂቃ ያህል ቆየ። ቀና ብዬ ሳይ የገንዘብ ያዧ ወንበር ባዶ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ባንክ ሄዳ ከዚያው ወደ ቤቷ ገብታለች። ልደውልላት ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም።

ማታ ያው ሰልፍ፣ ያው ዝናብ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምኩ። መሀል ላይ ያ የሚኒስትሪ ፈተና ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ስስቅ፣ ፊት ለፊቴ የቆመው ሰውዬ ዞሮ አየኝና ጃንጥላውን ትንሽ አራቀ።

ልጅቷ ጿሚ ናት። ከቢሯችን ሥር ያለችው ሴትዮ ጠዋት ጠዋት ፓስቲ ትጠብሳለች፤ ሁለት ትኩስ ትኩሱን ይዤላት እገባለሁ። ይቅርታውን ግን ሁሉም ሰው ቢሮ ከገባ በኋላ ነው የምጠይቃት፣ ጩኸቱም በሰው ፊት ስለነበር።

ሽሮው ሸተተኝ።