ዜናው ይሰማል፣ ፊልሙ ዝም ይላል

የምሠራው በየቤቱ እየዞርን ቲቪ፣ ዲሽና ሆም ቴአትር በምንገጥምበት ሱቅ ነው። አሁን አሁን ብዙውን ጊዜ የምንጠራው አዲስ ቲቪን ከቆየ ሆም ቴአትር ጋር ለማገናኘት ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ቲቪዎች ቀይና ነጭ የድምፅ መውጫ የላቸውም፤ ያላቸው ኦፕቲካል (ድምፁን በብርሃን የሚልክ መውጫ) እና ኤችዲኤምአይ ነው። የድሮው ሆም ቴአትር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀበለው በቀይና ነጭ ገመድ ብቻ ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ዲጂታሉን ድምፅ ወደ አናሎግ የሚቀይር ትንሽ ኮንቨርተር ይገባል።

አንድ ትልቅ ሰው ደንበኛችን ደወሉ። «ልጄ፣ ዜናው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ፊልም ስንከፍት ግን ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል» አሉኝ። ኮንቨርተሩን የገጠመላቸው ባልደረባዬ ነው፤ በሌላም ቀይሮላቸው ነበር፣ አዲሱም ያንኑ አመል አመጣ። እሱ «ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው» ብሎ ደምድሟል።

እኔን የያዘኝ የዜናው መሰማት ነው። ዕቃው ሞቶ ቢሆን ዜናውም አይሰማም ነበር፣ የላላ ገመድም ፊልምና ዜና ለይቶ አያውቅም።

ቤታቸው ሄድኩ። መጀመሪያ ገመዱን አየሁ። የኦፕቲካል ገመድ ጫፉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለው፤ ብዙ ሰው ሳያወልቀው ሊሰካው ይታገላል። የእሳቸው ወልቋል፣ ቀዩም ብርሃን ይታያል። ኮንቨርተሩም 5 ቮልቱን በትክክል እያገኘ ነው። ከዚያ በሪሞቱ የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የዲጂታል ድምፅ መውጫውን ሳየው «አውቶ» ላይ ነው።

ነገሩ እዚህ ጋ ነበር። ቲቪው አውቶ ላይ ሲሆን በስቴሪዮ የሚመጣውን ዜና በፒሲኤም፣ ማለትም ባልታመቀ ዲጂታል ድምፅ ያወጣዋል፣ ዶልቢ ያለውን ፊልም ግን እንዳለ በዶልቢ ዲጂታል፣ ማለትም የብዙ ስፒከር ድምፅ አንድ ላይ በታመቀበት መልክ ይልከዋል። ርካሹ ኮንቨርተር ዶልቢን መፍታት አይችልም፤ የሚያውቀው ፒሲኤም ብቻ ስለሆነ ዝም ይላል፣ አንዳንዱማ ጭራሽ ይንጫጫል። መውጫውን ወደ ፒሲኤም ቀየርኩት። ፊልሙ ወዲያው ድምፅ ሰጠ።

ጋሼ ደስ አላቸው። ትንሽ ቆይተው ግን «የኋላዎቹ ስፒከሮችስ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። በኦፕቲካል ገመድ የሚያልፈው ፒሲኤም ባለ 2 ቻናል (ሁለት የተለያየ ድምፅ) ነው፤ 5.1፣ ማለትም ለአምስት ስፒከርና ለአንድ የቤዝ ስፒከር ለየብቻ የተሠራው ድምፅ፣ በዚያ መንገድ የሚያልፈው እንደ ዶልቢ ዲጂታል ታምቆ ነው። ከኮንቨርተሩ የሚወጣውም ቀይና ነጭ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ብቻ ነው። በሆም ቴአትሩ ሪሞት ሰራውንድ የሚለውን ስጫንላቸው የኋላዎቹም መሥራት ጀመሩ፣ ግን ያ ሁለቱን ድምፅ ለአምስቱ ማዳረስ እንጂ እውነተኛው 5.1 አይደለም። ይህንንም አልደበቅኳቸውም። እኔ እንደማምነው ይህ ደንበኛው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው፤ ሰው ስድስት ስፒከር ቤቱ አስቀምጦ በሁለት ቻናል እንደሚሰማ አውቆ ይወስን። ደግሞ ከሁሉ በፊት የሆም ቴአትሩን ጀርባ ማየት ነው፣ ምክንያቱም የራሱ ኦፕቲካል መግቢያ ካለውና ዶልቢ የሚፈታ ከሆነ ኮንቨርተር ጭራሽ አያስፈልግም፣ በቀጥታ ይሰካና ቲቪው አውቶ ላይ ይቀመጣል።

ሱቅ ስመለስ «ተበላሽተዋል» ተብለው መሳቢያ ውስጥ የተከማቹትን ኮንቨርተሮች ከባልደረባዬ ጋር አውጥተን ፒሲኤም ላይ ባደረግነው ቲቪ አንድ በአንድ ሞከርናቸው። አብዛኞቹ ጤነኛ ነበሩ። አሁን እሱ ለአዲስ ደንበኛ ሲገጥም ዜና ብቻ ከፍቶ አይወጣም፤ ፊልምም ከፍቶ ድምፁን ሰምቶ ነው ዕቃውን የሚያስረክበው።