ሁለት ሚሊ እንገር

ልጄ የተወለደው በ32ኛው የእርግዝና ሳምንት ነው፣ 1,600 ግራም ሆኖ። የግንቦት አዳማ እንዴት እንደምታቃጥል የሚያውቅ ያውቃል። እሱ ግን ማሞቂያ ውስጥ ገባ። እኔ ባዶ እጄን አልጋ ላይ ቀረሁ።

በዚያ ዕድሜ ሕፃን መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ አይችልም። ብዙውን ጊዜ 34 ሳምንት አካባቢ ነው የሚለምደው። ስለዚህ ወተቱ በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል። የኔ ሥራ ማለብ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ታግዬ የወጣው ከመድኃኒት መለኪያዋ ሥር የተጣበቀ ቢጫ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ሚሊ ቢሆን ነው። ልትጠይቀኝ የመጣች ዘመዴ አይታ «ይሄ ምን ይረባዋል? ድፊውና ነጩ ሲመጣ ይሰጠው» አለችኝ። እውነት ለመናገር ልደፋው ነበር። ነርሷ ቀደመችኝ። መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ አመጣች። መለኪያዋን አዘንብላ ጠርዙ ላይ የቀረችውን ጠብታ ሳይቀር መጠጠቻት። «እህቴ፣ እንገር አይደፋም። ለሱ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው» አለችኝ።

በኋላ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ልጅ እናት ወተት እንገሩ አልፎ ከጠና በኋላ በ100 ሚሊ ውስጥ 1 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ያለ ቀኑ የወለደች እናት ወተት ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 1.5፣ አንዳንዴም 2 ግራም ሊደርስ ይችላል። ሶዲየሙም፣ ከበሽታ የሚከላከሉት ነገሮችም ይበዛሉ። ያን ስሰማ አለቀስኩ። ሰውነቴ ልጁን እስከ ቀኑ ማቆየት ቢያቅተውም የሚበላውን ለይቶ አዘጋጅቶለታል።

ይህ ግን ለሁሌም አይደለም። ፕሮቲኑ በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልሲየምና ፎስፈረሱ ደግሞ ከሌላ እናት ወተት ብዙም አይለይም፤ ልጁ ግን ከሌላው የበለጠ ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም አጥንቱ የሚጠነክረው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ነው። ብረትም እንደዚሁ። ቪታሚን ዲና ብረት በጠብታ የታዘዘለት ለዚህ ነው እንጂ ወተቴ ስለሚያንስ አይደለም።

የተሳሳትኩት ሌሊት ላይ ነው። ደክሞኝ ሁለት ሌሊት ሳላልብ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ወተቱ ቀነሰ። ወተት የሚያመርተው ሆርሞን ሌሊት ነው የሚበረታው፤ በ24 ሰዓት 8 ጊዜ ማለብ የሚባለው ሌሊቱንም ጨምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ የስልኬን ደወል ለ8 ሰዓትና ለ11 ሰዓት ሌሊት ሞላሁት። አጥሚቱም ጥሩ ነው፣ ጠጣሁት፤ ወተቱን የመለሰው ግን ማለቡ ነው።

አስተላለቡንም አስተካከልኩ። ጫፉን መጭመቅ ያሳምማል እንጂ ወተት አያወጣም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከጥቁሩ ክብ ወጣ ብለው ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ኪሎ አልጨምር ሲል ነርሷ በሁለት ብርጭቆ አስለየችኝ። መጀመሪያ የወጣው ሰማያዊ የሚመስል ቀጭን፣ መጨረሻ ላይ የመጣው ነጭና ወፍራም ነው። ስቡ ያለው ኋለኛው ላይ ነው። ለጥቂት ቀናት በሷ ምክር ኋለኛውን አስቀደምንለት፣ ሚዛኑም ተነሳ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ከቤት እያለብኩ ነበር የምወስደው። የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ባለ ክፍል 4 ሰዓት ይቆያል ይባላል፤ የአዳማ ቀትር ግን ከዚያ ያልፋል። በረዶ በፌስታል ጠቅልዬ በትንሽ ሳጥን ይዤ ባጃጅ እሳፈር ነበር። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ አልቤ ወዲያው እሮጣለሁ።

ከእርግዝናው ሲቆጠር በ35ኛው ሳምንቱ ገላዬ ላይ ታቅፌው ሳለ አፉን ከፈተ። ሦስቴ ጠባ፣ ቆመ፣ ተነፈሰ። እንደገና ጠባ። ሲውጥ ጉሮሮው «ክ» ትላለች። ነርሷን ልጠራ ብዬ ተውኩት። መንቀሳቀስ አልፈለግኩም።