ማታ ማታ የሚቆራረጠው ዋይፋያችን

ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ እየተቆራረጠ ላስቸገረን ኢንተርኔት መስመሩን ስወቅስ ከከረምኩ በኋላ፣ ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፔን በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ባገናኘው ያለ እንከን ሠራ። ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን የዋይፋዩ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ሞክሬው ቢሆን ኖሮ ከባለቤቴ ጋር ያን ያህል ባልተጨቃጨቅን።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ በመሆኑ ስልኬ ከሃያ በላይ የጎረቤት ዋይፋይ ይዘረዝራል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ላይ እርስ በርስ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች (የሞገዱ ክፍልፋዮች) 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ መጨናነቁ አይቀርም። ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብዬ ጽፌ ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገባሁና ቻናሉን ከ6 ወደ 11 ቀየርኩት። ቴሌቪዥኑን ወደ 5 ጊጋኸርትዝ አዛወርኩት፤ ይህኛው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ማለፍ ስለሚከብደው ለመኝታ ቤቱ አልሆነም።

የፈራሁት ፈርምዌሩን፣ ማለትም ራውተሩን የሚያሠራውን ውስጣዊ ሶፍትዌር፣ ማዘመኑን ነበር፤ እየተጫነ ሳለ መብራት ቢጠፋ ራውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላልና። ስለዚህ ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴልና የስሪት ቁጥር አመሳክሬ ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ አወረድኩ፣ ራውተሩን መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው ዩፒኤስ ጋር አያይዤም በኬብል ጫንኩት። የራውተሩ መብራቶች በሙሉ ጠፍተው አንዷ ብቻ ብልጭ ድርግም ስትል ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ። ሲነሳ በቅድሚያ ያደረግሁት ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል መቀየር ነበር፤ ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ «አድሚን» እንደሆነ ኖሯል።