ቡቺ ምግብ መለመን ስታቆም

የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። የሐኪሟ ረዳት ነኝ። ደም እቀዳለሁ፣ መድኃኒት አዘጋጃለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ። አዲስ መድኃኒት የጀመረ ውሻ ካለ ቤተሰቡ ጋ ደውሎ «እንዴት ሆነ?» ማለት የኔ ድርሻ ነው። ይህን ስልክ ለወግ የሚደወል የሚያደርገው ብዙ ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም፣ የቡቺ ነገር ካጋጠመኝ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ።

ቡቺ (ስሟን ቀይሬዋለሁ) 8 ኪሎ የምትመዝን፣ ዕድሜዋ የገፋ የፑድል ቅልቅል ናት። ባለቤቷ ሐበሻ ነች፣ ነርስ፣ ረጅም ፈረቃ የምትሠራ፤ እናቷ አብረዋት ይኖራሉ። ያመጣቻት ውኃ አልጠግብ ብላ፣ ሌሊት ሌሊት ምንጣፍ ላይ እየሸናች፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ የጎኗ ፀጉር ሳስቶ ቆዳዋ መታየት ሲጀምር ነው። ምግብማ አይወራም። ሳህኗን ልሳ ትጨርስና የሰው እግር ሥር ቆማ ታለቅሳለች። እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ሰው እርጅና ነው ብሎ ይተወዋል። ሲመረመር ግን ኩሺንግ ሆኖ ተገኘ።

ኩሺንግ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ከልክ በላይ ሲያመርት የሚመጣ በሽታ ነው። ከአሥር ውሾች በስምንቱ ገደማ መነሻው አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ የወጣ እብጠት ነው፤ ኩላሊት አጠገብ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ያለ ዕረፍት አምርቱ እያለ ያዛቸዋል። በቀሩት እብጠቱ ራሱ አድሬናሉ ላይ ነው። ለቡቺ የታዘዘላት ትራይሎስቴን ነው፣ በንግድ ስሙ ቬቶሪል። 30 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር። ምግቡ ግዴታ ነው፤ በባዶ ሆድ ከተሰጠ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም።

ይህ መድኃኒት በሽታውን አይነቅለውም፣ ኮርቲሶል እንዳይመረት ያግዳል እንጂ። የሚያስፈራውም እዚህ ላይ ነው፤ ኮርቲሶል ሲበዛ ያሳምማል፣ ሲጠፋ ይገድላል። መጠኑ ሳይጨመር እንኳን በመጀመሪያው ወር ኮርቲሶሉ እየወረደ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ይደረጋል፣ ዋናው ዓላማውም መድኃኒቱ እንዳልበዛባት ማየት ነው። ውጤቱ ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ በዚያ ቀጠሮ መጠን አንጨምርም።

ቀጠሮዋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደወልኩ። ልጅቷ የዕረፍት ቀኗ ነበር።

«ውይ፣ በጣም ተሽሏታል! ውኃው ቀንሷል፣ ሌሊት አታስነሳንም፣ ምግብ ራሱ መለመን ትታለች» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ያለው ደስታ ይሰማል። ቀጥላ ቀጠሮውን ወደሚቀጥለው ወር ብናዛውረውስ አለችኝ። ምርመራው ውድ ነው፣ ፈረቃ መቀየርም ጣጣ ነው፣ ውሻዋ ደግሞ ደህና ናት። አልፈረድኩባትም። ከነገረችኝ ሁለቱ በእርግጥም ጥሩ ምልክት ናቸው። ሦስተኛው ግን ቆረቆረኝ።

«መለመኑን ተይው፣ የራሷን ሳህን ትጨርሳለች?»

«እሱን እንኳን እማዬ ናት የምታውቀው።»

«እስቲ አገናኚኝ።»

ሰላምታው ራሱ ጊዜ ወሰደ፤ ደህና ነሽ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ አገርሽ የት ነው። ከዚያ «እማማ፣ ቡቺ ዛሬ ቁርሷን በላች?» አልኳቸው።

«ኧረ የት በልታ! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አሽትታ ትታው ትሄዳለች። ድሮ ከእጄ የምትነጥቀኝን የዶሮ ሥጋ ቀቅዬ ብሰጣት ፊቷን አዞረች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቢጫ ነገር አስመለሳት። ደረጃውን መውጣት አቅቷት ቆማ ስታየኝ ጊዜ ተሸክሜ አወጣኋት።»

«ክኒኑንስ?»

«እሱንማ መች አስቀርቼ! ልጄ አደራ ብላኛለች። በአይብ ጠቅልዬ ጉሮሮዋ ድረስ ከተትኩላት።»

አደራቸውን ጠብቀዋል። ልጃቸው ደክሟት ስትገባ ደግሞ ላስጨንቃት ብለው አልፈለጉም። ክኒን ሲሰጡ ቀድሞ መብላቷን እንዲያዩ፣ ካልበላች እንዲያቆሙና እንዲደውሉ ለእሳቸው በቀጥታ የነገራቸው ሰው የለም። በወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ወረቀቱ ግን እንግሊዝኛ ነው፣ ያለውም የልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሌላ ክኒን እንዳይሰጧት ነግሬያቸው፣ ልጅቷን አሁኑኑ ይዛት እንድትመጣ አልኳት። ሐኪሟም ቦታ አስለቀቀችላቸው።

ስትገባ ሚዛኑ ላይ ባስቀምጣት ቆማ መመዘን አቅቷት ተጋደመች። ከዚያ በፊት ስመዝናት ኪሴ ውስጥ ያለውን ብስኩት ፍለጋ አፍንጫዋን የምትወትፍ ውሻ ናት። ደሟን ስናይ ሶዲየሟ 132 ወርዷል፣ ፖታሲየሟ 6.4 ደርሷል። አድሬናል ከኮርቲሶል ሌላ አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ያመርታል፤ ሶዲየምን የሚያስቀረው፣ ፖታሲየምን በሽንት የሚያስወጣው እሱ ነው። መድኃኒቱ ሲበረታ እሱንም ይነካዋል። ፖታሲየም ከፍ ካለ ደግሞ ልብን ያዘገያል፣ እስከ ማቆምም ይደርሳል፤ ስለዚህ ወዲያው የልብ መከታተያው ተገጠመላት።

ደም ቀዳን፣ ኤሲቲኤች የሚባለውን አድሬናልን የሚቀሰቅስ መርፌ ወጋናት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመን ቀዳን። ትራይሎስቴን የሚወስድ ውሻ ከመርፌው በኋላ ኮርቲሶሉ ከ1.45 እስከ 9.1 ማይክሮግራም በዴሲሊትር መሆን አለበት። የቡቺ 1.1 ነበር። ሐኪሟ ግን ይህ ቁጥር እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ገና ስትገባ በደም ሥሯ ፈሳሽ አስጀመረች፣ ዴክሳሜታዞን አስወጋቻት። ይህ ኮርቲሶልን የሚተካ ስቴሮይድ የተመረጠው በኮርቲሶል ምርመራው ውስጥ ገብቶ ውጤቱን ስለማያሳስት ነው። ማታ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ሌሊቱን ወደሚከታተላት ሆስፒታል ሸኘናት። በማግስቱ እናትየው ደውለው «በላች!» ሲሉኝ እኔም ከእሳቸው ባልተናነሰ ጮህኩ።

ዕድለኛ ነበረች። የትራይሎስቴን እገዳ አብዛኛውን ጊዜ ክኒኑ ሲቆም ይለቃል፤ አልፎ አልፎ ግን ዕጢው ጨርሶ ይሞትና ውሻው ዕድሜ ልኩን ሆርሞን ተተክቶለት ይኖራል። ቡቺ ከሳምንታት በኋላ ውኃ መጠጣቷ እንደገና ሲጨምር ተመርምራ በ10 ሚሊግራም ጀመረች። ልጅቷ የተረፉትን ባለ 30 ካፕሱሎች ከፍቼ ባካፍላቸውስ ብላ ነበር። አይሆንም። ካፕሱሉ አይከፈትም፣ አይከፋፈልም፤ መጠኑ ይዛባል፣ ዱቄቱም ለሰው ጥሩ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ካፕሱሉን ባትነካው ነው የሚሻለው።

ከዚያ ወዲህ ስደውል «ደህና ናት?» አልልም። ማንም ሰው ለዚህ ጥያቄ «ደህና ናት» ብሎ ነው የሚመልሰው። ሳህኑን የሚሞላው ማነው፣ እሱን አገናኙኝ እላለሁ። ዛሬ ምን ያህል በላች፣ ምን ያህል ተረፈ፣ የምትወደውን ነገር ብትሰጧት ትቀበላለች ወይ። የኩሺንግ ውሻ ሲሻለው ስስቱ ይቀንሳል እንጂ ምግብ አይጠላም። ቁርሱን በልቶ ከመሶቡ ሥር ዞር ያለ ውሻና ዶሮ አሽትቶ የሚተው ውሻ፣ ሁለቱም «መለመን ትቷል» ሊባሉ ይችላሉ። በዚህ በሽታ ላይ ያለ ውሻ፣ ያውም መድኃኒት በጀመረ በመጀመሪያው ወር፣ አንድ ቀን እንኳ አልበላም ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ መድከም ከታየም እንደዚያው፤ ክኒኑ ይቁም፣ ይደወል።

ውኃውንም በግምት አልቀበልም። ጠዋት በመለኪያ ቀድታችሁ አስቀምጡ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን ለኩ። በቀን ከ100 ሚሊ ሊትር በኪሎ በላይ ከጠጣ ብዙ ነው፣ ለቡቺ 800 ማለት ነው።

ወረቀቱንም በአማርኛ ጻፍኩት፣ የሥራ ባልደረባዬ በስፓኒሽ፤ በአካባቢያችን ሁለቱም ይፈለጋሉ። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ነው። ስለ ምርመራው ቀንም አለበት፤ ሰው ደም ለመስጠት በባዶ ሆድ መሄድ ስለለመደ ውሻውንም አስርቦ፣ ክኒኑን አስቀርቶ ያመጣል። በዚህ ምርመራ ግን ቁርሷን ትብላ፣ ክኒኗን ትውሰድ፣ ክኒኑን በወሰደች ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደሟ እንዲቀዳ ትምጣ፤ ካልሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግረንም። ግርጌው ላይ ወጥ እንዳይሰጧትም ጨመርኩ። ምግብ እምቢ ስትል በእንጀራ ፈትፍተው የሚያጎርሱ እናቶችን አውቃለሁ፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን የደም ሴል ያፈርሳል።

ቡቺ በአዲሱ መጠን የሦስት ወር ምርመራዋን አድርጋለች። ኮርቲሶሏ 3.8። ሶዲየምና ፖታሲየሟ ልክ ነው፣ ጎኗ ላይ ፀጉር መብቀል ጀምሯል። እናትየው በልጃቸው የድሮ ደብተር ላይ ውኃውንና ምግቡን በየቀኑ እየጻፉ ይዘው መጡ፣ ሐኪሟም ገጽ በገጽ አስተረጎመችኝ። አንድ ቀን ላይ «ግማሽ በላች፣ ክኒን አልሰጠሁም፣ ደወልኩ» ይላል። ትዝ አለኝ፣ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ማታውን በልታለች፣ ክኒኑ በማግስቱ ቀጥሏል።